የማክሰኞ መዝገብ

የማኅበሩን ታሪክ ጻፍልን አሉኝ፣ በሁለት ገጽ ተኩል፤
አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፣ ፎቶ ጨምርበት፣ ቁጥሩንም አስተካክል፤
ስንት ልጅ ዳነ? ስንቱ ተማረ? ስንቱ ሥራ አገኘ?
እሺ ብዬ ምድር ቤት ወረድኩ፤ አሮጌው መዝገብ ተገኘ፣
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ፣ እርጥበት ያበጠው፣
ቆዳው የተላጠ፣ ዳሩን አይጥ የቆረጠው።

መጀመሪያ ገጽ፦ "ሁለት ወንበር። አንድ ፋኖስ። የበር ቁልፍ አንድ።"
በዚያ ዓመት ነው ጎተንበርግ ጸጥ ያለች፣ የመርከብ መሥሪያው ሲናድ፤
ክሬኑ ቆሞ ቀረ፣ አንገቱን እንደ ሰበረ ሽመላ፣
ሺህ በያጅ እጁን ኪሱ ከቶ ቤቱ ገባ፣ በጠራራ ቀን ምሳ ሊበላ።
ቱሬ ሄልግሬን አንዱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ብረት ከብረት ያጋባ፣
ቤት መዋል አልሆንለት ብሎ ከደጅ የማይገባ።

አንድ ሌሊት የፊንላንዳዊ ሠራተኛ ልጅ፣ ዮርማ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
ሞተር ብስክሌቱን ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ያዘው ከበረቱ።
ፖሊስ አልጠራም። "ማክሰኞ አስር ሰዓት ና፣ ካርቡራተሩን ላሳይህ፤
ስርቆትም ሙያ ይፈልጋል፣ እንዲህ አድርገህ አይነሳልህ።"

ይህ ነው ምሥረታው፤ ሪባን የለ፣ ጭብጨባ፣
ማኅተም የለ፣ ንግግር የሚያደርግ ከንቲባ።

እና ዮርማ መጣ?
መዝገቡ ይናገራል፣ በበያጅ ወፍራም ጽሕፈት፦
"አልመጣም። ጠበቅሁ።"
"አልመጣም። ጠበቅሁ።"
አሥራ አንድ ማክሰኞ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ፦ "መጣ። ዝም አለ። ዳቦ በላ። ሄደ።"
የኛ ማኅበር እንግዲህ ከዚህ ዝምታ ነው የተወለደ።

ገጹን ስገልጥ ዓመቱ ይሮጣል። ጉንቮር፣ ነርሷ፣ ሦስተኛ ወንበር አመጣች፤
ያስና ከቺሊ፣ በክረምት ነጠላ ጫማ፣ አባቷን አንድም ቀን አላነሣች፤
ኤልዲን ከቦስንያ፣ ቼዝ እንጂ ወሬ የማይወድ፣
ንግሥቱን ሲያጣ የሚያለቅስ፣ ሲያሸንፍ ሳይሰናበት የሚሄድ።
አንድ ቦታ ቀለም ፈሷል፤ ገንዘብ ያዡ ሣጥኑን ይዞ ጠፋ።
(ይህንን አውጣው ብለውኛል፤ እኔ ግን ጻፍሁት፣ ማንም ቢከፋ።)
ማዘጋጃ ቤቱ ድጎማ ሲያቋርጥ ወንበሮቹ ምድር ቤት ወረዱ፣
ከሰው ካልሲና አንሶላ ጋር፣ ከማሽን ጩኸት ጋር ለመዱ።

ሮላንድ የተባለ ልጅ፣ ሠላሳ ጊዜ "መጣ" ተብሎለት፣
በሠላሳ አንደኛው የወንዙ ስም ብቻ አለ፣ ቱሬ ጽፎ ሰርዞበት።
ቁጥሩን አስተካክል ያላችሁኝ፣
እሱን ከየትኛው ልደምረው?

ከዚያ የራሴን ስም አገኘሁ፣ በላቲን ፊደል፣ ተሳስቶ የተጻፈ፤
አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ አፌ በሦስት ቋንቋ የታጠፈ።
"አልመጣም። ጠበቅሁ።" አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።
ጽሕፈቱ የዮርማ ነው፤ ያ ሞተር ሰራቂ፣ ያኔ የትራም ሹፌር።

እኔ'ኮ መጥቼ ነበር። ማዶ፣ ከፌርማታው ጣሪያ ሥር ቆሜ፣
ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ ከራሴ ጋር ተቃይሜ፣
መቼ ነው ተስፋ ቆርጦ መብራቱን የሚያጠፋ ስል፣
እሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን ካርቡራተር ሲወለውል።

ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል እሰማ ነበር ቤት፤
እውነት ነው፤ ግን መድኃኒቱ ስንት ቀን ይከርማል፣ ሳይዋጥ፣ ጠርሙሱ ውስጥ በትዕግሥት።

ይኸው ማክሰኞ ነው። ሁለት ገጽ ተኩሉ ነጭ እንደሆነ አለ።
ኖርዲን የሚባል ልጅ ተሰጥቶኛል፤ ሰባት ሳምንት ሆነው፣ አልመጣም።
ውጭ ዝናብና በረዶ ተደባልቋል፤
ፌርማታው ላይ አንድ ኮፍያ አያለሁ፤ የሱ ይሁን የሌላ አልለየሁም፣
አላፈጥበትም፤
ያኔ በእኔም ላይ ማንም አላፈጠጠም።

ዳቦው ተቆርጧል።
ሰዓቱ ሊሞላ ገና አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፤
የእስክሪብቶዬን ክዳን አልከፈትኩም።