ዐሥራ አራት ቁጥር

ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ደሴ ሳትነቃ፣
ሚዛኔን ጠርጌ፣ አሰናድቼ ዕቃ፣
ቁርስ አድላለሁ፤
ለዚህ አይጥ ዐሥር ግራም፣ ለዚያኛው እስኪበቃ።

ሁለቱም ያውቃሉ፣ ዘንጉን ሲጫኑት
መድኃኒት ጠብ ሲል፣ መብራት ሲበራበት።
ዛሬ ወሩ ከቆመ፤ ቧንቧው ባዶ ነው።
የጠገበው አሽትቶ፣ ዞሮ ተኛ ትቶ፤
ዐሥራ አራት ቁጥር ግን፣ ጦሙን ያደረው፣
መብራት ብልጭ ሲል፣ ደጋግሞ ጫነው።

ጻፍሁት፦ መቶ ሦስት። እስክሪብቶዬ ዘገየ፤
ዓይኔ ከአይጡ ጀርባ፣ ወንድሜን ሙሄን አየ።

ከሆስፒታል ወጥቶ፣ «ጫት እርሜ ነው» ብሎ፣
ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ከመደቤ ውሎ፣
«ሠርተህ ብላ» ብዬ፣ ቁምሳጥን ብቆልፍበት፣
በስምንተኛው፣ ቧንቧ ውሃ ጥግ፣
ጉንጩን ወጥሮ አገኘሁት።
«እርቦኝ ነው» አለኝ።
የሱሰኛ ሰበብ! ብዬ ሳቅሁበት።

ቅጠሉ ረሃብ ይገድላል፤
ረሃቡ ቅጠል ይጠራል፤
ይህን ማን ይቆጥራል?

«አይጥ ሰው አይደለም፣ ጦይባ» ትላለች ዶክተር አንሻ።
እውነቷን ነው፤
አይጡ እህት የለው፣ የለው መሸሻ።

ሰንጠረዡን ሞላሁ።
ለዐሥራ አራት ቁጥር፣ አንድ ግራም አልጨመርሁ፤
ጥናት ነው፣ ሕግ አለው።
ምሳዬን ግን አልበላሁ።
ሽሮና ቂጣዬን፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣
ቁልቁል ወረድሁ፣ ከዝናቡ ከልዬ።
ይተወው እንደሁ፣ እንጃ።
ብቻ ዛሬ ማታ፣
ጦሙን አይደር ብዬ።