የታችኛው መደርደሪያ

ጁፈይር፣ ማናማ፣ ከሆቴል ምድር ቤት፣
ዕቃ ጠባቂ ነኝ፣ ጠርሙስ ቆጣሪ በሌሊት።
ላይ ቤት አርባ አምስት ነው፣ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ታች ቤት አሥራ አራት ነው፣ ወይኑ ይተኛል።

የጳጉሜን ቆጠራ። ቫርጌስ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤
"ስንት ቀረ?" ሲለኝ በእርሳሴ ጫፍ አንገት እነካለሁ።
ስመ ጥሮቹ ወይኖች፣ እንግዳ የሚሻቸው፣
ከዓይን ትይዩ ናቸው፣ መብራት አለላቸው።
ከታች፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣
ሦስት ጠርሙስ ተኝቷል አቧራውን አዝሎ።
"ሻቶ ኩርቤሳክ" ይላል፤ ማንም አያውቀውም፤
በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አልጠራውም።
አዲሱ አለቃችን ቦታውን ፈልጎ
"ለሠራተኛ ሽጡት" አለ፣ ሦስት ዲናር አድርጎ።

ሦስት ዲናር!
ሁለት ሻዋርማና የታክሲ መልስ ነው።
እኔ እንኳ፣ ምላሴን ጉደር ነው ያሳደገው።

አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ፤ ሁለት ሺህ አምስት።
በእኛ ዘጠና ስምንት፣ መስከረም፣ ዘለላው ሲቆረጥለት።
ያን መስከረም መቂ ላይ የቲማቲም ሣጥን እጭን ነበር፤
አንድ ሣጥን ጎደለ ተብሎ ከደመወዜ ተቆረጠ ብር።
ከዚያ ወዲህ ነው መቁጠር የለመድሁት።

በፎጣ ጠቅልዬ ከደንብ ልብሴ ሥር
ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ በኋለኛው በር።
ዝማም ቀድማ ደርሳለች ከልብስ ማጠቢያው፤
እጇ በረኪና፣ ፀጉሯ እንፋሎት ነው።
ኤር ኮንዲሽነሩ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያጓራል፤
ወበቁ መስኮቱን ከውጭ ይልሳል።

ቡሹ አስቸገረን፤ ግማሹ ሰጠመ ውስጡ፤
በሻይ ማጥለያ ስናጠል ፍርፋሪዎቹ ወጡ።
የወይን ብርጭቆ የለንም፤ ኢስቲካን አለን፣ የሻይ፣
ቀጭን ወገብ፣ አንገት ያጣ ብርሌ መሳይ።

ድሮ ቀይ ነበረ፤ ዳር ዳሩ ገል መስሏል አሁን።
የመጀመሪያው ጉንጭ ኮመጠጠ፣ ዘጋብን አፉን።
"ባይሆን ሰላጣ ላይ እናፈሰዋለን" አለች ዝማም።
"ቆዩ" አለ ቫርጌስ፤ "ይህን ያህል የተኛ ሰው
እንደነቃ ወሬ አይጀምርም።"

ግማሽ ሰዓት።
ቫርጌስ ስለ ልጁ የነርስነት ፈተና፣
ዝማም ስለ ጠፋ የትራስ ልብስ፣ ስንጫወት ቆየንና፦

መጀመሪያ እንጆሪ፣ የደረቀ፣ ከነቅጠሉ ጋር፤
ቀጥሎ ኮሽም፤ ቀጥሎ ዝናብ የነካው አፈር።
ከሥሩ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ስም አጣሁለት።
ዝማም፣ ዕድሜዋን ከፋንታ በቀር ያልቀመሰች ሴት፣
አፍንጫዋን ከተተች፣ አወጣች፣ መለሰች፤
"ኮርቻ!" አለች።
"ያባቴ በቅሎ ኮርቻ፣ ከገበያ ሲመጣ፣
ገና ትኩስ እያለ፣ ላቡ ከቆዳው ሳይወጣ።"
ቫርጌስ አጨበጨበ፤ ላይ ቤት ያሉት
በክራቫት፣ በወፍራም ዝርዝር ነው ይህን የሚሉት።

ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ግን አውቃለሁ፦
የስም ዋጋ ሌላ፣ የጉሮሮ ዋጋ ሌላ፤ ሁለቱንም መዝግቤአለሁ።
ላይ ቤት የመቶ ሰባ ዲናሩን የሚጠጣው ሰውዬ
ስልኩን እያየ ነው የሚውጠው።
እኛ ሦስታችን እየተያየን ዋጥነው።

ከታች አተላ ቀረ፣ ደቃቅ፣ ጥቁር አሸዋ፤
አምቡላ የለመደ አይጠየፍም፤ ጨለጥኋት ያችን ጠብታዋ።

በነጋታው ሁለት ቀርተው ነበር።
አንዱን ቫርጌስ ያዘ፣ ልጁ ያለፈች ዕለት ሊከፍተው።
ለሌላው ሦስት ዲናሬን ከፈልሁ። ክፍሌ ግን እሳት ነው፤
መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ፣ የዚያን ሁሉ ዘመን እንቅልፍ
በአንድ ከሰዓት ያፈላዋል።
ስለዚህ እዚያው ተውሁት፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር፣
"የተከፈለ" ብዬ በእርሳስ፣ ደረሰኙን አንገቱ ላይ በክር።

ከመዝገቡ ወጥቷል፤ ቆጠራዬ ግን አልጎደለም።
ሌሊት ሳልፍ፣ መብራቱን ቀስ ብዬ አጠፋለታለሁ።
ዕቃ ጠባቂ ነኝ።
መጠበቅ እችላለሁ።