ፔዳል

ቀን ቀን እግሬ ደግ ነው፣ እንደ ገራም በሬ፣
ፔዳሉን ሲረግጥ ይዘምራል ሲንጀሬ፤
የተማሪ ሱሪ፣ የተተረተረ ኪስ፣
የሙሽራ ቀሚስ ጠርዙ እስኪጨረስ
አንድ ቀን ደከመኝ፣ በቃኝ ብሎ አያውቅም።

መሽቶ ነው ጉዱ።
ሱቄን ዘጋግቼ፣ እራቴን በልቼ፣
ጋቢዬን ለብሼ፣ መብራት አጥፍቼ፣
እንቅልፍ ከደጅ ቆሞ «ልግባ ወይ?» ሲለኝ
ያኔ ነው ከጉልበት በታች የሚጠራኝ።

ምን ብዬ ልናገር? ስም የለው፣ መልክ የለው።
ቁርጥማት አይደለም፣ እሱንማ አውቃለሁ፤
ማሳከክ አይደለም፣ አክኬ አይቻለሁ፤
ጉንዳን ነው እንዳልል፣ ገልጬ ሳየው
አንዲት ጉንዳን የለች፣ ያው የኔው ባት ነው።
ልክ እንደ አምቦ ውሃ፣ ገና እንደ ከፈቱት፣
ቅልጥሜ ውስጥ ሆኖ ሲፈላ የተዉት።
ካልተነሳሁለት ፋታ አይሰጠኝ ከቶ፤
ስነሳ ግን ዝም! ሕፃን መስሎ ተኝቶ።

እናም እነሳለሁ።
ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው፤
ከበሩ እስከ አልጋው ስመለስ ስምንት ነው፤
ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝ።

ድሮ ድሮ እንኳ አስፋልት እወጣ ነበር፣
ከመናኸሪያው ጀምሬ ወደ ላህ ስሻገር፤
የጭነት መኪና ሹፌር መብራት ሲያበራብኝ፣
«ሰው ነሽ ወይስ መንፈስ?» ብሎ ጡሩምባ ሲነፋብኝ።
ዘንድሮ ግን በር የሚዘጋው ገና በጊዜ ነው።
ፍኖተ ሰላም ነው የከተማዬ ስም፤
መንገዱንስ ለካሁት፣ ሰላሙን አላውቅም።

ቢያድግልኝ ባሌ በመጀመሪያው ዓመት
«ረገጥሽኝ» እያለ ይነሳ ነበር ሌሊት፤
አሁንማ ለምዶ፣ በሁለታችን መሀል
እንደ ወሰን ድንጋይ ትራስ ያጋድማል፤
እግሬ ግን ክፉ ጎረቤት ነው፣ ድንበር ይገፋል።

«የሰው ዓይን ነው» አለች እንጉዳይ ጎረቤቴ፤
ሰባት ቀን ጠበል ገባሁ፣ ዝቅ ብሎ አንገቴ።
ብርዱን ወዶታል እግሬ፣ አልዋሽም በውነቱ፤
በስምንተኛው ሌሊት መጣ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ጥንቱ።

አባቴ ገረመው ሌሊት አይተኛም ነበር፤
«ጃርት ፈጀኝ!» እያለ የበቆሎ ማሳ ሲዞር።
አገሬው «ትጉህ» አለው፤ በቀብሩም ዕለት
አልቃሿ ስለ ትጋቱ ግጥም አወጣችለት።
እኔ ግን ልጁ ነኝ፤
አንድም ጃርት ሞቶ አይቼ አላውቅም።
ማዕድ ላይ ተረከዙ መሬቱን ሲመታ፣
እናቴ ጉልበቱን በእጇ ስትይዘው፣ ቀስ ብላ፣ ማታ ማታ፣
እሱን ነው የማስታውሰው።

ሆስፒታል ሄድኩኝ።
«ስም አለው» አለችኝ ስለናት፣ ነርሷ፤ «ዕረፍት የለሽ እግር።»
ስሙን ስሰማ ብቻ ግማሹ ቀለለኝ።
«ደምሽ ውስጥ» አለችኝ፣ «ያነሰሽ ብረት ነው።»
ብረት?
መቀሴ ብረት ነው፣ መርፌዬ ብረት ነው፣
ካውያዬ ብረት ነው፣ የምረግጠው ብረት ነው፤
ሠላሳ ዓመት ብረት ሳሽከረክር ውዬ
ብረት አጥቼ ልሙት? ሳቅሁኝ፣ ወይ ጉዴ ብዬ።

ክኒኑን ከሎሚ ጋር እውጣለሁ አሁን፤
ቡናም ከማታ ትቻለሁ፤ ከሦስት ሌሊት አንዱን
እተኛለሁ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ።
በቀሩት በሁለቱ ተነስቼ፣ ክሩን ከመርፌው አውልቄ
በጨለማ እረግጣለሁ፣ ባዶውን፣ ምንም ሳልሰፋ፤
እግሬም ዝም ይላል፣ ሥራ እንዳገኘ ሰው።
«ምን ትሰፊያለሽ?» ይላል ቢያድግልኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«ተኛ» እለዋለሁ፤
«ጃርት ነው የማባርረው።»