በእግር አውራ ጣት የተፈረመ

ላቱር ሆስፒታል፣ የቃጠሎ ክፍል፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፤
ቫንማላ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት።
አጎበር ጥለውባታል ዝንብ እንዳይነካት፤
አንሶላ ይጣበቅባታልና ራቁቷን ናት።

ሦስት ጊዜ ተናገረች።

የመጀመሪያውን ቃል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
ኮንስታብል ዶንዲባ ነው የጻፈላት፦
«የላምባው ምድጃ ፈንድቶ ነው፤ ማንም አልነካኝ፤
ሻይ ላፈላ ጎንበስ ስል ነው እሳት የበላኝ።»
ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣
ሕፃን ልጇን ታቅፎ እሹሩሩ ሲል ነበር።
ዶንዲባ ይህን አልጻፈም፤
ቅጹ ላይ «በር» የሚባል ቦታ የለም።

ሁለተኛውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤
ገና ሳይነጋ ጂፕ ልከው የቀሰቀሱኝ፣
የመሬት ግብር፣ የድርቅ ካሳ የማውቅ የወረዳ ሹም፤
የሚሞት ሰው መጠየቅ ማንም አላስተማረኝም።
ሐኪሙን «ልቧ አብሯት አለ ወይ?» አልኩት፤
«አለ» ብሎ ፈረመ፤ ሰዓቱን አስጻፍኩት።
ሰው አስወጣሁ። በሩን ዘጋሁት።

«ማነው?»
«እነሱ።»
በ«እነሱ» ሰው አይታሰርም።
«እነማን?» አልኳት። ዝም።
«ባልሽ ነው?» ስላት ዐይኗን ጨፈነች፤
እኔም ጻፍኩ፦ «አዎ አለች።»
«አማትሽስ?» ከንፈሯ ተነቃነቀ፤
ብዕሬ ከእሷ ቀድሞ አወቀ።
«በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ»፣
ይህን እሷ አላለችም፤ ያልኩት እኔ ነኝ።
ጣቶቿ አልቀው ነበር። የቀኝ እግሯን
አውራ ጣት ቀለም ቀብቼ አተምኩ ቃሏን።

ሦስተኛውን የሰማው አባቷ ነው፣
ከሸንኮራ ቆረጣ፣ በአውቶቡስ ጣራ የመጣው።
«ልጄን እዚያ ቤት አትተዋት» አለችው፤ ውሃ ጠየቀች፤
እኩለ ቀን ሳይሞላ አረፈች።
ዳኛው «ይህ ስለ አሟሟቷ አይናገርም» አሉና
ታይፒስቱ እጁን ከማሽኑ አነሣና
በመስኮቱ አየ፤
አባትየው ያለው ሳይጻፍ ቆየ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ፣
ጠበቃ ባርሺካር ተነሣ በስሜ፦
«ሕጉ ሟች አይዋሽም ይላል፤ እኔም አምናለሁ።
የትኛዋ ሟች ናት? ሁለት አያለሁ።
የሌሊቷ ናት ወይስ የንጋቷ?
"አዎ" ያልከው አንተ ነህ ወይስ እሷ ናት በአንደበቷ?»

ከኋላ ወንበር አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ
ትንፋሿን ሰብስባ፣ እጇ በአያቷ እጅ፤
በእናቷ እናት አይደለም፣ በአባቷ እናት፣
በከሳሽ መዝገብ ሁለተኛዋ ተከሳሽ ናት።

«እሷ ናት» አልኩ።
ውሸት ነው አልልም። እውነት ነውም አልልም።
ባሏ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ግን አላየሁም።
በሩ ተከፍቶ ሳለ ለልጇ ፈርታ ይሆናል የዋሸችው፤
ወይ በሩ ሲዘጋ፣ ለእኔ ለደከመኝ ሰው፣
ቶሎ ልሂድላት ብላ ይሆናል ዐይኗን የጨፈነችው።

ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።
መዝገቡን መለሱልኝ፣ ፊርማዬን እንዳይ።
ከስሜ በላይ ያቺ ጥቁር ጣት፣
አንድ እርምጃ ትመስላለች፣ ወረቀት ላይ የቀረች፤
ወዴት ልትሄድ እንደነበረ ግን አይነበብባት።