ደቻቱ የቱ ጋ ይጻፍ?

ሰሌዳውን በጠመኔ ከመሃል ከፈልኩት፣
«ሕይወት ያለው» በቀኝ፣ «ሕይወት የሌለው» በግራ ብዬ ጻፍኩት።
አርባ አንድ ሕፃናት፣ አንድ የማይዞር ማራገቢያ፣
ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ላብ የጠጣ መደገፊያ።

«ፍየል!» አሉ፤ በቀኝ። «ድንጋይ!» አሉ፤ በግራ።
ኒም ዛፍ ላይ ተጨቃጨቅን፤ አይሄድም፣ ቢጠሩት አይጣራ።
«ፍሬ ይወልዳል» ብላ ገላገለችን ሲትራ።

ባጃጅ ሲመጣ ክፍሉ ተናጋ።
«ቤንዚን ይጠጣል!» «ያስላል!» «ማታ ያለቅሳል እኛ ሰፈር ጋ!»
ኑረዲን፣ የሹፌር ልጅ፣ ተነሥቶ ቆመ እንደ ዳኛ፦
«ባጃጅ አይወልድም። ቢወልድማ፣ አባዬ ይኖረው ነበር ሁለተኛ።»

ሆዳን ቀጠለች፤ አያቷ የምድር ባቡር ጡረተኛ።
«አያቴ፣ ባቡሩ ሞተ፣ ይላል ሁልጊዜ ሲያወራው።
ከሞተማ፣ ቲቸር፣ ቀድሞ ነፍስ ነበረው።»
ማሠልጠኛ ያላስተማረኝን በምን አፌ ልመልሰው?
ባቡሩን በግራ ጻፍኩት፣ በደቃቅ ፊደል፣
ሽማግሌው በመስኮት ቢያዩ እንዳይሆንባቸው በደል።

ከዚያ ሮብሌ እጁን አወጣ፣
በሶማሊኛ ስሙ ዝናብ ይዞ የመጣ።
እኔም ዘነበች ነኝ፤ ድሬ ላይ ግን ሁለታችንም
በስማችን አንሠራም፤ አቧራ እንጂ ደመና የለንም።
«ቲቸር፣ ደቻቱስ የቱ ጋ ይጻፋል?»

«ውሃ በግራ ነው» ልል ስል፣ ማስታወሻዬ እንደሚለው፣
«ደቻቱ ውሃ አይደለም» አለ፤ «አሸዋ ነው። ውሃው እንግዳው ነው።
ዓመት ሙሉ ይተኛል። ሲነቃ ይጮኻል።
ይሄዳል። ያድጋል። ቲቸር፣ ይበላል።»
«ምን በላ?» አፌ ቀደመኝ።
«የአክስቴን ቤት። ከነፍየሏ። እማዬ ናት የነገረችኝ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ቆመ።
ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ እኔና ኢፍቱ፣
እሷ ላጲስ፣ እኔ መቅረጫ፤ ያ ነበር የኛ ሀብቱ።
ያን ሌሊት ሰማያችን በኮከብ እንደ ተሞላ
ዝናቡ ደጋ ዘነበ፤ ጎርፉ ግን እኛን በላ።
መስከረም ላይ ዴስኩ ለብቻዬ ሰፋኝ፤
«ጎረቤቶቻችን»ን ስንማር፣ ኢፍቱ የት አለች ብሎ
ማንም ሳይጠይቀኝ።

አሰለፍኳቸው። ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘው ወረድን።
አሸዋው ላይ ግመል ተጋድሟል፣ ጎረምሶች ኳስ ይመታሉ፣
ቦንዳ ነጋዴዎች ሸራ ዘርግተው «ሃምሳ፣ ሃምሳ!» ይላሉ።
በድልድዩ ጥላ ሥር አርባ አንድ ጆሮ ወደ መሬት አስጠጋን።
«ተኝቷል» አለች ሲትራ፣ እንዳይሰማት ፈርታ።
ሮብሌ ቆፈረ፤ ክንዱ እስኪጠልቅ፣ ቁልቁል፣
እርጥብ አሸዋ ዘግኖ አወጣ፣ እንደ ሊጥ የሚድቦለቦል።
«ላብ አለው!» አለ።
አንዳቸውም አልሳቁም።

ተመለስን። ቀኙን አየሁ፣ ግራውን አየሁ፤
መሃሉ ላይ ያሠመርኩት ያ የተንጋደደ መስመር
ከዚራን ወዲህ፣ መጋላን ወዲያ ያደረገ ይመስል ነበር።
እዚያው ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ደ፣ ቻ፣ ቱ ብዬ ጻፍኩት፤
ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ በቀይ ያሥምርበት።

ከዚያ ከመጽሐፉ ውጪ አንድ ጥያቄ፦
«ደንገጎ ከጠቆረ፣ እናንተ አሸዋው ላይ ብትሆኑ፣ ወዴት ነው?»
«ወደ ላይ!» አሉ አርባ አንዱም።
«ኳሱስ?»
«ይብላው!»

ነገ ትምህርታችን የአየር ሁኔታ ነው።
መስኮቱ ላይ ተደርድረው ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ደመና ይሥላሉ፤
እነሱ ከአናታቸው በላይ ያለውን ሰማይ ያያሉ፣
እኔ ደንገጎን።