ከሦስቱ አንዱን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣
ፒያሳ ባጃጁ ጭቃውን አርሶ፣
ጋሽ አሊጋዝ ደጃፍ፣ ከላስቲኩ ጥላ፣
አራት ሆነን ቆምን፣ ሒሳቡ ሳይሞላ፤
ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ፤ ከመሀል አንዷ ብር
በፕላስተር ታስራ እንደ ተሰበረ እግር።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከሙሄ ስፌት ቤት፣
መቀሱ ሲያርፍና ሲዘጋ መስኮት፣
ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ይዘረጋል አገር፣
በስፌት ጠመኔ፣ ወንዝ ከነተረተር፤
ባለ ሃያ ፊቷ ያቺ ጥቁር ጠጠር
ስትቆም ነው የሚለይ መኖር ወይ መቀበር።
እኔ ተራኪ ነኝ፤ ጦይባ ቀስተኛ፣
ሙሄ ሁሌ ሽፍታ፣ አራጋው ድግምተኛ።
ሕጉን ከአንድ መንገደኛ በወሬ ሰማነው፣
የጎደለውን ግን በጠብ ነው የሞላነው።

አሁን ግን መጻሕፍት በካርቶን መጡልን፤
ኮምቦልቻ የከረመ መሐንዲስ ሄደልን።

አንዱ የሕግ ነው፣ እንደ ጡብ የከበደ፣
ስንቱን የኛን ሙግት ገና ድሮ የፈረደ፤
ስንት ክንድ ይዘለላል? በጨለማ ስንት ይታያል?
በረሃብ ስንት ቀን አንድ ሰው ይቆያል?
ሙሄ ገጽ ሲገልጥ የአምና ጠብ አገኘ፤
ካዝዋ ገደል ወድቆ ያለ ጭረት የተገኘ
ያ ሽፍታው፣ በሕጉ፣ ሙት ነው፣ ድሮ ሙት።
እንዳናይ ከደነው፤ ሳል ሳል አለ ጥቂት።

ሁለተኛው የአውሬ፣ ሥዕሉ እንቅልፍ የሚነሣ፣
ባለ ስድስት አንገት፣ እሳት የሚያገሣ፤
ጦይባ ይህን ይዛ አለቅም አለች፤
«ሁሌ ጅብ፣ ሁሌ ጅብ! ቀስቴ ተሰላቸች!
ቦርከናን ስንሻገር ሌላ አውሬ አይወጣም ወይ?
ተራኪያችን ከጅብ በቀር ፍጥረት አያውቅም ወይ?»
እውነቷን ነው።

ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ሌሊት፣
ሽፋኑን ሻይ ነክቶት፣ ጥጉን አይጥ ቀምሶት።
አራጋው ዳር ይዞ ሲያራግፍ፣ ከመሀሉ
እጥፍ ወረቀት ወደቀ፤ እርሳስ ነው ጽሕፈቱ ሁሉ።
«ቆሻሻ ነው» አሉ ጋሽ አሊጋዝ እጃቸውን ሰደው፤
ጦይባ ቀድማ አነሣችው፣ ዘረጋችው ካስፋልቱ ዳር ወስዳው።

ስም፦ ሻይ ፈሶበታል፣ አይነበብም።
ሙያ፦ መብራት ያዥ።
ንብረት፦ ፋኖስ። ገመድ፣ ተበጥሷል።
ነፍስ፦ ዐሥራ አራት፣ ተሰርዟል። ዘጠኝ፣ ተሰርዟል። ሦስት።
ከታች፣ ሙሄ ፊደል በፊደል እንዳነበበው፦
«በሩ ፊት ነኝ። ይከፈት?»

ዝም አልን። አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶን አለፈ።
ማን ነበረ? ጨዋታው በምን ምክንያት ታጠፈ?
መብራት ጠፋባቸው? ተጣሉ? ረፈደ?
ወይስ አንዱ ሥራ አግኝቶ ኮምቦልቻ ወረደ?
ሦስት ነፍስ ብቻ ይዞ፣ ፋኖሱን አንሥቶ፣
ስንት ዓመት ቆመ፣ ከዚያ በር ተረስቶ?

እኔ ልቤ ከሕጉ ነው፤ ዛሬም አልክድም፤
ያለ ሕግ ተራኪ ወንበር የሌለው ዳኛ ነው፣ ማንም አይፈራውም።
ግን ሕግ ነገም ሕግ ነው፣ አውሬም አይቸኩል፤
ሰው በር ላይ አቁሞ ማን ደፍሮ «ነገ» ይል?

«ዘጠኝ መቶ።» «ሰባት።» «ስምንት።» «ወረቀቱ ጭምር።»
«እሱማ ምርቃት ነው፤ በቆሻሻ አልደራደር።»
አውሬውን ጦይባ ሽፋኑን ዳብሳ፣
ካርቶኑ ውስጥ አስተኛችው፣ አቧራውን አብሳ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ፣ እንደ ወጉ።
ሻማ ሁለት ለኮስን፤ አምስተኛ በርጩማ አኖርን ከጥጉ።
«ይከፈት?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠጠሯን ማን ይጣል?
በሰው ነፍስ ማን ደፍሮ እጁን ያወጣል?
ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሙሄ ወረወረ፤
ከመቀሱ ተጋጭታ አራት ላይ ቆመች፤ አራት፣ ከዚያም አልጨመረ።
አራት በየትኛውም ሕግ ክፉ ነው። ሙሄ ሳል ሳል አለ።
በሩ ተከፈተ፤ ሁለት ዐይን በራ፤ ፋኖሱ ዋለለ።
እውነት ለመናገር፣ ሌላ ምንም ባይመጣልኝ፣
«ጅብ» አልኩ።
ጦይባ ቀስቷን ገትራ እንግዳውን «ከኋላዬ ሁን» አለችው፤ እኔን ገላመጠችኝ።

የሕጉ መጽሐፍ ዛሬም ፒያሳ ነው፤ ሺህ ሦስት መቶ ገብቷል።
ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ፤ ግማሽ ፊቱን ፀሐይ በልቶታል።