ልክ ያልሆነ ልክ

ሐይቁ ዳር ዳሩን ረግቷል፤ ኩህሞ ላይ መሽቷል ገና በዘጠኝ፤
ካሌርቮ በጨርቅ የጠቀለለውን ጠብመንጃ አምጥቶ ሰጠኝ።
“በርሜሉን ዝገት በላው፤ አዲስ ግጠሚለት፣
አባትሽ ነው የሠራው፣ አንቺው ድረሺለት።”

አሮጌውን ፈታሁ። ተንጫጫ ብረቱ፣
ሃያ ዓመት ተቃቅፎ የኖረ ወንዴ ሲለይ ከሴቲቱ።
አንገቱን ጠርጌ በማይክሮሜትር ያዝኩት፤
ሦስቱን ቀጫጭን ሽቦ በጥርሶቹ መሐል አስተኝቼ ለካሁት።
ደግሜ ለካሁት።
መጽሐፉ ሌላ ይላል፣ ብረቱ ሌላ፤
ስምንት መቶኛ ሚሊሜትር፣ የአንዲት ፀጉር ጥላ።

አባቴ!
በልጅነቴ ለአንዲት መቶኛ ጣቴን በማስመሪያ የመታኝ፣
“ልክ ምሕረት አያውቅም” ብሎ የሠራሁትን ያስፈታኝ፣
እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ዓመት ኖሯል ለካ፤
ለእናቴ እንኳ ሳይናገር፣ ቶርኖውን ተደግፎ ሲለካ።
ሴቴው ሲቆረጥ ሰፍቶበት፣ ወንዴውን በዚያው ልክ አወፍሮ፣
ስህተት ከስህተት ጋር ገጥሞ፣ አንድም ቀን ሳይላላ ኖሮ።

እንግዲህ የቱን ልቁረጥ? መጽሐፉን ወይስ አባቴን?
መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ዘይት አፈሰስኩ፤ አበራሁ ቶርኖዬን።
ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወረደ፤ ጢሱ ዐይኔን ቆረቆረኝ፤
(ጢሱ ነው።)
አንድ ጊዜ። እንደገና። መጨረሻው ላይ አንዲት ፀጉር ቀረኝ፣
ተውኳት።

በእጄ አዞርኩት፤ ያለ ቁልፍ ገባ፣ እስከ ትከሻው ድረስ፣
ሳይንገጫገጭ፣ ጥርስ በጥርስ።

“ልክ ነው?” አለ ካሌርቮ፣ በማግሥቱ መጥቶ።
“ልኩ ነው” አልኩት።
የማን ልክ? አልጠየቀም፤ ሄደ ከፍሎ፣ ቆቡን ደፍቶ።